አማካዩ ደህና ነበር

ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ባለ አንድ የግል ላቦራቶሪ ውስጥ ሰይፈዲን የሚባል ወጣት ፕሮግራም ይጽፋል። የታካሚው የደም ምርመራ ቁጥሮች በአንድ ረድፍ፣ ለየምርመራው የተፈቀደው ከፍተኛ ወሰን ደግሞ በሌላ ረድፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባሉ። ፕሮግራሙ ሁለቱን ረድፎች አስተያይቶ ወሰኑን ያለፈ ቁጥር ካለ ያስጠነቅቃል።

መጀመሪያ ሲጽፈው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ነበር የሚያስተያየው። ጠዋት ጠዋት ናሙና ሲበዛ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፤ ተገልጋዩ ያጉረመርማል፤ ባለቤቱም ይቆጣል። ሰይፈዲን አቋራጭ አገኘ። የአንዱን ረድፍ አማካይ ከሌላው አማካይ ጋር ብቻ እንዲያስተያይ አደረገው።

የሥራ ባልደረባው ሲሃም ኮዱን ስታይ ደነገጠች።

«ይሄ ልክ አይደለም። የስኳሩ ማነስ የኩላሊቱን ቁጥር መብዛት ይሸፍነዋል እኮ።»

«ፈጥኗል አይደል? ሰዉ የሚፈልገው ያንን ነው።»

«ፍጥነት ከፈለግክ ሁለቱን ረድፎች እንዳሉ ለኮምፒውተሩ ስጠው። በአንድ ትእዛዝ እያንዳንዱን ቁጥር ከየራሱ ወሰን ጋር ያስተያይልሃል። አንድም አይዘልም፣ አይዘገይምም።»

«የሚሠራ ነገር አልነካም» አላት። ደጋግማ ብትነግረውም አልሰማ አላት።

ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ ዙቤዳ ጦር ኃይሎች አካባቢ ጨርቅ ይነግዳሉ። እግራቸው ሲያብጥ እዚያው ላቦራቶሪ ተመረመሩ። የኩላሊታቸው ቁጥር ከወሰኑ እጅግ አልፎ ነበር፤ ሌሎቹ ዝቅ ያሉ ስለነበሩ ግን አማካዩ ደህና ሆነ። ወረቀቱ ላይ «ሁሉም በወሰኑ ውስጥ ነው» ተብሎ ታተመ። ወረፋ የበዛበት ሐኪምም ያንን መስመር ብቻ አንብቦ አሰናበታቸው።

እብጠቱ አልለቅ ሲላቸው ሰይፈዲንን ጠሩት። «ልጄ፣ እስቲ ውጤቱን አንዴ እየው።»

«ኮምፒውተር አይሳሳትም አክስቴ፤ ድካም ነው» አላቸው፣ ወረቀቱን ሳይገልጥ።

ክረምቱ ሳይወጣ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቁመው ነበር። «ቀደም ብለው ቢመጡ በመድኃኒት እናቆየው ነበር» አለች የሆስፒታሉ ሐኪም።

ሲሃም የአክስቱን ውጤት እሷ ባለችው መንገድ አስኬደችው። የኩላሊቱ ቁጥር ወዲያው ቀይ ሆኖ ወጣ። ሰይፈዲን ፕሮግራሙን የዚያኑ ቀን አስተካከለ፤ ያለፉትንም ውጤቶች ሁሉ እንደገና አስኬደና ቀይ ለወጣባቸው ሰዎች ይደውል ጀመር። የአንዱን ታካሚ ስልክ ልጃቸው አንስታ፣ አባቷን ከቀበሩ መሰንበቱን ነገረችው።

አክስቱ የኩላሊት እጥበት ላይ ሳሉ ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው።

«በመሳሳትህ አልቀየምህም። እየለመንኩህ አለማየትህ ነው የሚያንገበግበኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኮድ የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ረድፉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ትክክለኛው መንገድ ፈጣንም ነበር፤ የሚያሳየውም ሰው አጠገቡ ነበር፤ ሰይፈዲን ግን ለመስማት ኮራ። ዛሬ ተምሯል። የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው።