አድራሻ አዳዩ ሳጥን

«አሁንም ያው ነው» አለ አባቷ፣ ዐሥራ አንደኛውን ኮምፒውተር እያስነሳ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የትምህርት ቤቱ የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ ልጁ ከተፈታኞቹ መካከል ተቀምጣ ታየዋለች። ፈተናው አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ በላብራቶሪው፣ በላቡ፣ ካሉት ኮምፒውተሮች ግን አንዱም የፈተናውን ገጽ አይከፍትም።

ኔትወርኩ በሦስት ተከፍሏል፤ ለቢሮ፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለላብ። ሽቦው አንድ ቢሆንም አንዱ ሌላውን አያይም፤ ለሦስቱም አድራሻ፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹ የሚግባቡበትን ቁጥር፣ የሚያድለው አንድ ሰርቨር ነው። ሁለቱ ደህና ናቸው። ላቡ ብቻ እንግዳ አድራሻ ይዟል። አባቷ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ፈትሾ ምንም አላገኘም።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ በሩ ላይ ቆመዋል። «ይህ ፈተና ከተሰረዘ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ» አለ። አባቷ እንዲህ ሲለማመጥ ሰምታ አታውቅም።

አባቷ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ሲሮጥ ልጅቷ ስክሪኑን አየች። የአድራሻውን ቁጥር ታውቀዋለች። ቤታቸው የነበረው አሮጌ ራውተር፣ ኢንተርኔት አከፋፋዩ ትንሽ ሳጥን፣ የሚሰጠው አድራሻ ነው። አባቷ ሲጥለው ፌንጣ ለሚሏት ጓደኛዋ የሰጠቻት እሷ ናት፤ ፌንጣ ደግሞ ላብ ውስጥ ዋይፋይ እንዲኖራቸው ብላ፣ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሚሰካ እንኳ ሳታውቅ፣ ከላቡ ቁም ሳጥን ጀርባ ሰካችው። ኮምፒውተሮቹም አድራሻቸውን ከሰርቨሩ ሳይሆን ከእሱ ወስደዋል።

«ትናንት ‹ነቅዬዋለሁ፣ ዐይኔን ግንባር ያድርገው› ብለሽኝ ነበር» አለቻት ልጅቷ ፌንጣን በሹክሹክታ።

«ረሳሁት በቃ። ሹልክ ብለሽ ንቀይውና ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። እኔ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለብኝ፤ በሦስተኛው መባረሬ ነው።»

ልጅቷ ሄዳ ነቀለችው። ሳጥኑ ሞቋል፤ ጀርባው ላይ በአባቷ እጅ «አሮጌው» ተብሎ ተጽፏል። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አባቷ ተመልሶ ኮምፒውተሮቹን እንደገና ሲያስነሳ የፈተናው ገጽ አንድ በአንድ ተከፈተ።

«ችግሩ ምን ነበር?» አሉ ምክትሏ።

አባቷ መዋሸት አይችልበትም። «አላወቅሁትም» አለ።

«የማያውቁትን እንዴት ይጠብቁታል? ከፈተናው በኋላ ቢሮዬ ይምጡና የስንብት ደብዳቤዎን ይውሰዱ።»

አባቷ መሬት መሬቱን እያየ ሽቦዎቹን መጠቅለል ጀመረ። ልጅቷን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ተረጋግተሽ ሥሪ፣ እናቴ» አላት።

ፌንጣ ከጎኗ አፈጠጠችባት። የፌንጣን ስም ትጥራ አትጥራ ገና አልወሰነችም፤ የራሷን ጥፋት ግን ትናገራለች። የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ ሳጥኑን አወጣችና ምክትሏ ወደቆሙበት በር ሄደች።