ሁለተኛው ዓይን

ደብረ ብርሃን ገበያ፣ ረሺድ ሱቅ በራፍ ላይ ሰው ግጥም ብሏል። የሞተ የለም። የተሰረቀም የለም። ከሱቁ በላይ በተሰቀለው የማስታወቂያ ቆርቆሮ ላይ የተሳለችው የሳሙና ሴትዮ ማታ ባለ አንድ ዓይን ነበረች፤ ሲነጋ ሁለት ዓይን አውጥታ ፊት ለፊት ታያለች። ጉድ ነው!

ነገሩ ሳቅ ሆኖ በቀረ ነበር። ግን ያልደረቀው ቀለም ወርዶ ከግርጌዋ ያለውን የጣሊያን ባንዲራ አጥቁሮታል። ከተማውን የያዘው የጣሊያን ካፒቴን ረሺድን አሳሰረ። ጥፋተኛው ካልተገኘ በመጪው ገበያ ረሺድ ይሰቀላል አለ። አጣሪው ኃይለ ገብርኤል ሆነ።

ኃይለ ገብርኤል ከወረራው በፊት ስመ ጥር ዳኛ ነበር። አሁን የጠላት ደመወዝ የሚበላ የሰፈር ሹም ነው። ያፍራል። በዚያ ባንዲራ ሥር ሲያልፍ ሁሌም አንገቱን ደፍቶ ነው። ያን ጠዋትም ያየው መሬት መሬቱን ነበር፤ ዱካ ፍለጋ።

መጀመሪያ እስር ቤት ሄደ።

«ማስታወቂያው ይነሳልኝ ብለሃል አሉ» አለው ረሺድን።

«ብያለሁ። ገበያዬን ገደለብኛ። አባቴ አልዩ አምባ ላይ አንድ አሞሌ በገመድ አስሮ በሩ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ያየው ሁሉ ጨው አለ ብሎ ይገባል፤ በቃ። ጣሊያኑ ሳሙና አምራች ሲመጣ መጀመሪያ ወረቀት ለጠፈብኝ፣ ዝናብ በላው። ቀጥሎ ይህችን በቆርቆሮ አስሎ ሰቀለ። በጎን የምታይ፣ ባለ አንድ ዓይን። በናንተ ቤተ ክርስቲያን ባንድ ዓይን የሚሳለው ማነው?»

«ሰይጣን። ይሁዳም።»

«ታዲያ የሰይጣንን ሳሙና ማን ይገዛኛል?»

«ስለዚህ ራስህ አስተካከልካት።»

«ወላሂ አልነካኋትም።»

ከረሺድ ማዶ የሚነግደው ሰላሀዲን ተጠረጠረ። እጁ እስከ ክንዱ ጥቁር ነው። ኃይለ ገብርኤል ሰው ፊት በጥፊ አጮለው። ቆየት ብሎ የሰላሀዲን ሚስት ሰሊሃ ገና ከማቅለሚያው የወጣ ቆዳ ተሸክማ መጣችና ምንም ሳትናገር እግሩ ሥር ዘረጋችው። የባሏን እጅ ያጠቆረው የቆዳው ቀለም ነበር። ኃይለ ገብርኤል ፊቱ ቀላ፤ ይቅርታ ለማለት ግን ምላሱ አልታዘዘለትም።

ቢቸግረው እንደ ጥንቱ አውጫጭ ጠራ። አገሬው ሜዳ ላይ ተቀመጠ፤ የሚያውቅ እስኪናገር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ዘቀዘቀች። አንድም ትንፍሽ ያለ የለም። ሁሉም አቀርቅሯል። ጠላ ሻጯ ወለተ ሥላሴ ብቻ አየት ታደርገዋለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች። ምን ሆነሽ ነው አላት።

«ላንተ ነው የማዝነው፣ ልጄ» አለችው።

ይህ ነገር ውስጡን በላው። ሰዉን በትኖ መሰላል አስመጣና ወደ ማስታወቂያው ወጣ። የአዲሱ ዓይን ቅንድብ ከአሮጌው መስመር ጋር ልክ ገጥሟል። የአንድ እጅ ሥራ ነው። ሠዓሊው ደግሞ አማቱ አለቃ ዘርአ ዳዊት ናቸው፤ የገዛ ሥራውን ማን ያበላሻል ተብሎ ማንም አልጠረጠራቸውም። ከዚያ ዓይኑ ወደ ፊቷ ሄደ።

ወለተሐና ነበረች። ባለፈው ክረምት ያረፈችው ሚስቱ።

አለቃ ደጃቸው ላይ ብሩሻቸውን ሲያጥቡ አገኛቸው።

«አለቃ፣ ለምን?»

«ጣሊያኑ የፈረንጅ ሴት ሥዕል በወረቀት አሳየኝ። እንደሷ በጎን ሳልልኝ፣ የዘመኑ ማስታወቂያ እንደዚህ ነው አለኝ። ርቦኝ ነበር። እጄ ግን የፈረንጅ ፊት አያውቅም፤ የመጣለት የልጄ ፊት ነው። ልጄን እንደ ይሁዳ ባንድ ዓይን ሳልኳትና ዱቄት ተቀበልኩባት።» ብሩሹን አራገፉ። «አገሬው ወዲያው አወቃት። ላንተ ብሎ ዝም አለ። አንተም አይተህ ታስወርዳታለህ ብዬ ጠበቅሁ። በየቀኑ በሥሯ ታልፋለህ፣ ቀና አትልም። ቢያንስ እንደ ሰው ትታይ ብዬ ዓይኗን መለስኩላት።»

ኃይለ ገብርኤል አንገቱን ደፋ።

«እስላሙ በእኔ ጥፋት አይሰቀልም፤ ተነስ ውሰደኝ» አሉና ጋቢያቸውን ለበሱ።

አለቃ ካፒቴኑ ፊት ቆመው ሁሉንም አመኑ፤ የሴትዮዋን ማንነት ግን አልተናገሩም። ካፒቴኑ በአስተርጓሚ አስጠየቀ፤ ሴትዮዋ ማን ናት? ሽፍታ ናት ወይስ የሽፍታ ሚስት? አለቃ አቀረቀሩ። ካፒቴኑ ወደ ኃይለ ገብርኤል ዞረ፤ አንተስ ታውቃታለህ?

ሚስቴ ናት ቢል ያሴራችሁት አብራችሁ ነው ተብሎ ከሽማግሌው ጎን ይታሰራል። ይህን አሰበ።

«አላውቃትም» አለ።

አለቃ ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም፤ አዘኑለት እንጂ። ከዚያ በረሺድ ፈንታ ሊሰቀሉ እጃቸውን ለገመዱ ሰጡ።

ረሺድ በዚያው ቀን ተፈታ። ከግቢው ሲወጣ ኃይለ ገብርኤልን አየና ነፍሴን አተረፍክልኝ ብሎ እጁን ሊስም ሮጠ። ኃይለ ገብርኤል እጁን ከኋላው ደበቀ።