ሚስስ ሞሪ ምን አሉ?

«ምን አሉ?» አለች ዓለምፀሐይ፣ ልጇን እያየች።

እድላዊት ሰምታቸዋለች። «ካኬቴ» ነው ያሉት፣ ደጋግመው። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት የጃፓንኛ ኳይዝ ላይ የጣላት ግሥ ራሱ ነው። ጃፓኖች ኮት ሲሰቅሉም፣ ስልክ ሲደውሉም፣ መነጽር ሲያደርጉም፣ ብርድ ልብስ ሲደርቡም ይኼንኑ አንድ ግሥ ይጠቀማሉ። ሌላም ትርጉም ነበረው፤ እሱ ጠፋባት።

እናቷ የምትሠራው ሳን ሆዜ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እዚያ ከሚኖሩት ከሚስስ ሞሪ ዕድሜ እንግሊዝኛቸውን ወስዶ፣ የልጅነት ቋንቋቸው ጃፓንኛ ብቻ ቀርቷቸዋል። ከሰሞኑ ደግሞ ሰው ክፍላቸው በገባ ቁጥር ይቆጣሉ፣ ምግብም አልበላም ብለዋል። ዓለምፀሐይ «የኔ ልጅ ጃፓንኛ ታንበለብለዋለች» ብላ ለባልደረቦቿ ካወራች ቆይታለች፤ ዛሬም እንድታስተረጉም ይዛት መጥታለች። ወሬው ከማን እንደመጣ ግልጽ ነው፤ እድላዊት ራሷ አንድ ቀን ራት ላይ ስትጎርር ያለችው ነው።

«መነጽር ነው የፈለጉት» አለች እንደምንም። እናቷ መነጽሩን ስታቀብላቸው አሮጊቷ ገፉት። ብርድ ልብሱንም ገፉት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምሳቸው ጠረጴዛው ላይ እየቀዘቀዘ ነው።

እድላዊት «ስልክ» ብላ መቀጠል ትችል ነበር። ግን እሳቸውን እንደገና ማስለቀስ አስጠላት።

«ማሚ፣ ዋሽቼሽ ነው» አለች። «ጃፓንኛ ጎበዝ አይደለሁም። ኳይዙንም ፌይል አድርጌያለሁ። አይም ሶሪ።»

«ቤት እንነጋገራለን» አለች ዓለምፀሐይ። ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ «ቢሆንም እንኳን ነገርሽኝ» አለቻት።

እድላዊት እፎይ አለች። ሳታስበው አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ይኼ እነሱ ቤት ነውር ነው። ትልቅ ሰው ተቀመጪ ሳይል መቀመጥ የት ተማርሽ ትባላለች። ከገቡ ጀምሮ እናትና ልጅ እጃቸውን አጣምረው የቆሙትም ለሚስስ ሞሪ ክብር ብለው ነበር።

ልትነሣ ስትል ሚስስ ሞሪ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ዓለምፀሐይ ዞረው፣ በመዳፋቸው ሌላውን ወንበር እያሳዩ «ካኬቴ» አሉ።

የጠፋባት ትርጉም አሁን መጣላት። «ማሚ፣ ተቀመጪ እያሉሽ ነው።»

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ለሳቸው ግን ቤታቸው ነው። እንግዳ ቆሞባቸው እንዴት ይብሉ?»

ዓለምፀሐይ ወደ በሩ አየች። ገና ያላዳረሰቻቸው ክፍሎች አሉ፣ አለቃዋም ኮሪደሩ ላይ አይጠፋም። እድላዊት መልስ አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ወንበሩን ሳበችላት።

እናቷ ተቀመጠች። ሚስስ ሞሪም ማንኪያቸውን አነሡ።