የቶሜ ሲሊንደር

ጃኑዋሪዮን አሸዋው ላይ አስተኝተው በጀልባ ሸራ ሸፍነውታል። ኢንስፔክተር ዴልፊና ማሻቫ ከማዶዋ ከተማ ከቪላንኩሎ ባሕሩን ተሻግራ ስትደርስ ግን ሕዝቡ የሚያየው ሬሳውን ሳይሆን የሟቹን እህት ፌሊዛርዳን ነበር። ምንጣፏና ድስቷ ከቤቷ ተወርውረው ዳርቻው ላይ ተቆልለዋል።

«ይቺ ናት የበላችው!» አለች አንዲት ጎረቤት ሳትጠየቅ። «አምና ቶሜን፣ ዘንድሮ ጃኑዋሪዮን። ሁለቱም ወንድሞቿ እዚያው ባሕር ውስጥ ኮራል ዓለቱ ሥር ቀሩ። ከቀብሩ በፊት ከደሴቷ ትውጣልን!»

እውነቱን ልናገርና፣ እኛ የባዛሩቶ ሰዎች ባሕሩን አንፈራም፤ ውስጡ የቀሩትን እንጂ። ቶሜ ከሞተ ወዲህ እዚያ ኮራል ሥር የወረደ ጠላቂ ሁሉ ከኋላው የሚከተለው ሰው ያለ ይመስለዋል። አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም፤ ግን ዞር ዞር እያለ የማይዋኝም የለም።

ዴልፊና ሸራውን ገለጠች። ከንፈሩን፣ ጥፍሩን፣ የዓይኑን ቆብ ገልብጣ አየች። ሁሉም ቀይ ነው። ሬሳው ቆመው ከሚያዩት ሰዎች ይልቅ ጤነኛ ይመስላል። እሷንም ቀፈፋት።

አብሮት የወረደው የጠላቂዎቹ ቤት ባለቤት ብራንዳዎ ነው፤ ከቤይራ ከተማ መጥቶ ደሴቱን ገና ያልለመደ ሰው።

«ምን አየህ?» አለችው።

«የቶሜ ሙት ዓመት ስለሆነ ወንድሙ ከሞተበት ቦታ አበባ ሊያኖር ነው የወረድነው። ታች ስንደርስ ቆመ። እጁን ደጋግሞ ወደ ጭንቅላቱ ወሰደ። በስመ አብ! ቶሜ ሲጠራው የሰማ መሰለኝ። ከዚያ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው አፉ ተከፈተ። ትርፍ መተንፈሻዬን ብሰጠው አልያዘውም።»

«አየር አልቆበት ይሆናላ?»

«ኧረ የለም! ጀርባው ላይ ያዘለው የአየር ሲሊንደር ገና ምኑም አልተነካም።»

«ሳትወርዱ ጭቅጭቅ ነበር?»

ብራንዳዎ ፌሊዛርዳን ሰረቅ አድርጎ አየ። «ለካ ያ ጃኑዋሪዮ የወረደበት ሲሊንደር የቶሜ ኖሯል። እኔ መች አውቄ! ቅርቤ ያለውን ላንሳ ብል ጀልባ ነጂው አባባ ዛኬው ከእጄ መንጨቅ አደረጉት! ‹የሟች ዕቃ ከሥጋ ዘመድ በቀር አይነካም› አሉኝ። ቀጥሎ እህትና ወንድም ተናነቁበት።»

ፌሊዛርዳ አላለቀሰችም። ሲሊንደሮቹን አየር የምትሞላው እሷ ናት።

«ትናንት ሞልቻቸው ምግብ ልሠራ ሄድኩ» አለች። «የአየር መሙያው ኮምፕሬሰር ቤት በር የለው፣ ቁልፍ የለው። ዛሬ ‹በቶሜ ሲሊንደር እኔ ልውረድ፣ ለእኔም ወንድሜ ነው› ብዬ ያዝኩት። እንቢ አለኝ። ምነው በሰጠኝና እኔን በወሰደኝ!»

«ከዚያስ?»

«አባባ ዛኬው እንደ ልማዳቸው ዱቄቱን ባሕሩ ላይ በትነው የሚወርደውን ሰው ስም ለሞቱት አባቶች ጠሩ። ‹ብራንዳዎን ጠብቁት› አሉ። ጃኑዋሪዮ ሳቀ። ‹እኔንስ ረሱኝ እንዴ አባባ?› አላቸው። ‹አንተን ያውቁሃል› አሉት። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው መጨረሻዬ።»

ዴልፊና ወደ ኮምፕሬሰሩ ሄደች። አየር የሚስበው ቱቦ እንደ ወጉ ከሞተሩ ጭስ ርቆ ምሰሶ ላይ ታስሯል። መሐረቧን የቱቦው አፍ ውስጥ ብታዞር ጥቀርሻ ይዞ ወጣ። የቶሜን ሲሊንደር ከፈት አድርጋ አሸተተች፤ የጭነት መኪና ጭስ ይሸታል። ሌሎቹ ንጹሕ ናቸው። ከፋት። ይህን ብትናገር ፌሊዛርዳ ከጠንቋይነት ወጥታ ወህኒ ልትገባ ነው።

ጀልባ ነጂውን ዛኬውን ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ደሴቱ ሁሉ አባባ የሚለው ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ ስም ሳይጠሩ ሰው አስወርደው ያውቃሉ?»

«ምን ነካሽ ልጄ! ባሕር ነው እኮ!»

«ጃኑዋሪዮንስ?»

«እሱ… የቤት ልጅ ነው» አለና ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ።

ዴልፊና ሁሉንም ሬሳው ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ጃኑዋሪዮን የጠራው ሙት የለም» አለች። «ራሱን ሲይዝ ራሱን እያመመው ነበር። ደሙን እንዲህ ያቀላው የሞተር ጭስ ነው፤ አንድ ሰው የአየር ቱቦውን ወደ ሞተሩ ጭስ አዙሮ ያንን አንዱን ሲሊንደር ብቻ ለይቶ በጭስ ሞልቶታል።»

«አላልንም? የምትሞላው እሷ!» ጮኸች ጎረቤቲቱ።

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። ገዳዩ ያንን ሲሊንደር የሚይዘው የሥጋ ዘመድ መሆኑን ያውቃል። ብራንዳዎ አላወቀም፤ ለራሱ ሊያነሳው ነበር። ፌሊዛርዳም ልትወርድበት ታግላለች። መርዝ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስጡኝ ብሎ አይጣላም። ከእንግዳው እጅ የነጠቀው አንድ ሰው ነው። የዚያው ሰው እጅ ሊገድል ደፈረ፤ ምላሱ ግን የጃኑዋሪዮን ስም ጠርቶ ‹ጠብቁት› ማለት አቃተው።» ከጀልባው ዘግና በወረቀት የጠቀለለችውን ዱቄት ለዛኬው ዘረጋችለት። «ይኸው። አሁን ይበትኑና ‹ጃኑዋሪዮን አልነካሁትም› ብለው ለአባቶች ይንገሩልን።»

ዛኬው እጁን ዘረጋ። ዱቄቱን ዘገነ። ወደ ባሕሩ ዞረ። ዱቄቱ በጣቶቹ መሐል እየፈሰሰ አለቀ።

«አልችልም» አለ። «ይሰሙኛል።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ማጥመድ በተከለከለበት የባሕር ፓርክ ክልል፣ የባሕር ላም የሚባለውን እንስሳ የሚያጠምድበት ድብቅ መረብ ነበረው። አምና ቶሜን አስወርዶ መረቡን ሊያይ ሄዶ ሲመለስ ሞገዱ ልጁን ወስዶ ኮራሉ ሥር ጥሎት ነበር። ዘንድሮ ጃኑዋሪዮ መረቡን አገኘና ከሙት ዓመቱ በኋላ ለፓርኩ ጠባቂዎች እናገራለሁ አለው።

ፌሊዛርዳ ፊቱ ቆመች። በዕድሜዋ ሁሉ አባባ ስትለው የኖረችውን ሰው፣ «አንተ» አለችው። «የሞቱትን ፈራህ። እኔን በቁሜ ሰው በላ ሲሉኝ፣ ዕቃዬን ሲወረውሩት፣ እዚያ ተቀምጠህ ታይ ነበር። እኔን ለምን አልፈራህም?»

ከዴልፊና ጋር የመጡት ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ።

ጎረቤቲቱ አፍራ ትከሻዋን ልትይዛት ተጠጋች። «ይቅር በይን እህቴ። ነይ፣ ቤትሽ እናስገባሽ።»

ፌሊዛርዳ እንዳትነካት እጇን አንስታ አስቆመቻት። «ነገ ስንቀብረው ከኋላ ተከተሉ» አለች። «ጎኔ ማንም እንዳይቆም። በዚህም በዚያም የወንድሞቼ ቦታ ነው።»

በማግስቱ ከሬሳው ኋላ በግራና በቀኟ ሰው የሚያህል ክፍተት ትታ ሄደች። መንገዱ ጠባብ ነበር፤ ተገፋፋን፣ እሾህ ውስጥ ገባን እንጂ እዚያ ክፍተት ውስጥ እግሩን ያስገባ አልነበረም።