ከአሰብ የመጡ ዓሦች

«ይህን ቱቦ የነካው ማነው?»

ጋሽ ከድሮ በእጃቸው የያዙት የካኪ ጣቃ ውሃ ያንጠባጥባል። ሱቃቸውን ከጓዳው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ጓዳ ካለው የዓሣ ገንዳ የፈሰሰው ውሃ በመጋረጃው ሥር ገብቶ ለተማሪ ዩኒፎርም የመጣውን ጨርቅ አበላሽቶታል። ያውም የባሕር ውሃ፤ ቢደርቅም ነጭ የጨው ምልክቱ አይለቅም።

ልጃቸው ሸምሲያ ጎንበስ ብላ ወለሉን ታደርቃለች። የመለሰችው አብራት ልታጠና የመጣችው ጓደኛዋ ሸዋገነት ናት።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ጋሼ። ትናንት ዓሦቹን ሳይ በክንዴ ገፋ አድርጌዋለሁ።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጥናት የለም» አሉ ጋሽ ከድሮ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰው ነክቶት ነውና ሰው ይራቅ። በራሱ ጊዜ ፈሶ ቢሆን ግን፣ ወላሂ፣ ዓሦቹ ነበሩ ከዚህ ቤት የሚወጡት።»

ሸዋገነት ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል፤ የሚያጠኑበት የሒሳብ መጽሐፍ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ብቻ ነው።

ዓሦቹን ያመጣቸው የሸምሲያ ታላቅ ወንድም ረዲ ነው። አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቢጫ መስመር ያላቸው ሁለት ትንንሽ ዓሦች ከነባሕር ውሃቸው በጀሪካን ይዞ መጥቶ፣ እዚህ አምቦ የመስታወት ገንዳ ሠራላቸው። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ይታፈናሉ ብሎ ከገንዳው በላይ የሚያንጠባጥብ ጀሪካን ሰቀለ። የሚተርፈውን ውሃ በጠርዙ ላይ የታጠፈች ላስቲክ ቱቦ ትስበዋለች፤ በጎን የተንጠለጠለችውን የወተት ቆርቆሮ ሞልቶም ባልዲ ውስጥ ይወርዳል። ባልዲውን መልሳ ጀሪካኑ ውስጥ የምትገለብጠው ሸምሲያ ናት።

ረዲ ከሄደ ግን ቆየ። መንገዱ ተዘግቷል ይባላል። የገንዳው ውሃ እየጎደለ ሲሄድ ሸምሲያ ጨነቃት፤ «ጨው የሌለው ውሃ እንዳታስነኪያቸው» ብሏታል። እና የአምቦ ልጅ ምን ታድርግ? ጨው ጨው የሚል ውሃ ሱቃቸው ውስጥ ከጨርቁ ጎን ተደርድሮ የለ! ቤቱ በውሃ በተጥለቀለቀበት ቀን ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ ሁለት ጠርሙስ አምቦ ውሃ አንስታ ገንዳው ውስጥ ገለበጠች። ለማንም አልተናገረችም።

በማግሥቱ ጠዋት መቀመጥ አቃታት። ደብተር ትገልጣለች፣ ትነሳለች፣ ገንዳውን ታያለች፣ ደግሞ ትቀመጣለች። በመጨረሻ፣ ያፈሰሰው እሱ ይሆን ብላ፣ ሌላ ጠርሙስ ከፍታ ገለበጠች። ውሃው ተንተከተከ። አረፋው ቱቦዋ ውስጥ ገብቶ እጥፋቷ ላይ ተጠራቀመ፤ ትንሽ ቆይቶም ቱቦዋ አየር ይዛ መሳብ አቆመች። ጀሪካኑ ግን ማንጠባጠቡን አልተወም። ሸምሲያ ደንግጣ ቱቦዋን በአፏ ስባ መልሳ አስጀመረቻት። የሸዋገነት ክንድ ምንም አላደረገም።

ክፍል ስትደርስ ሸዋገነት ከወትሮው ቦታቸው ተነስታ ኋላ ተቀምጣለች።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለቻት ሸዋገነት።

«ሸዌ፣ እኔ'ኮ...»

«ተይው አቦ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እናቴም ስትቆጣኝ አመሸች። ዛሬ ከገበያ መልስ ራሷ መጥታ አባትሽን ይቅርታ ትጠይቃለች።»

ከዚያ በኋላ መምህሩ ያሉትን ሸምሲያ አልሰማችም። የሸዌ እናት ባላጠፉት ጥፋት ሱቁ በር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሲቆሙ ታያት። ደግሞ ረዲ ታያት፤ ደክሞት መጥቶ ባዶ መስታወት ሲያይ። በሰላም ከመጣ።

ቤት እንደደረሰች መጋረጃውን ገለጠች።

«አባባ፣ አንዴ ይምጡልኝ።»

ጋሽ ከድሮ የሚያጥፉትን ጨርቅ ትተው ገቡ። ሸምሲያ ጠርሙስ ከፈተች።

«የሱቁ ነው?»

«አዎ። ትናንት ጠዋትም ወስጃለሁ።»

ቱቦዋ አፍ አጠገብ አፈሰሰችው። ሁለቱም ቆመው አዩ። አረፋው ተጠራቀመ፣ ቱቦዋ ቆመች፣ ውሃው ከፍ እያለ ሄዶ በመስታወቱ ጎን መውረድ ጀመረ። ልታብሰው አልሞከረችም።

«ልጅቷ አልነካችውም ነበር ማለት ነው?»

«ነክታው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሲሠራ አድሯል። ያቆመው በኔ ነው።»

ጋሽ ከድሮ ጎንበስ ብለው ቱቦዋን በጣታቸው ነካ አደረጉ። አንዱ ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ረዲ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ዓሦቹ ይወጣሉ ብለው የማሉትን እሳቸውም አልረሱትም፣ እሷም አልረሳችውም።

«አባባ፣ የሸዌ እናት ይቅርታ ሊጠይቁ እየመጡ ነው። ሳይደርሱ ልሂድና ልንገራቸው?»

«ሂጂ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከገንዳው ሳያነሱ።

ስለ ዓሦቹ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ተወችው። ጀሪካኑን ዘጋች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በሱቁ በኩል ወጣች።