ጠምዛዧ

ሕመምተኞቿ «ጠምዛዧ» ይሏታል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ የደረቀ መገጣጠሚያ ይዞ የመጣ ሰው እሷ ዘንድ እሪ ብሎ ገብቶ ተመስገን ብሎ ይወጣል። ቅጽል ስሙን ስትሰማ ከሰው ጋር ትስቃለች፤ ብቻዋን ስትሆን ግን ያንገበግባታል። እናቷ «ምነው ፊትሽ?» ስትላት «ደክሞኝ ነው» ትላለች።

አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ግን ሲታከም አልጮኸም። ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ትከሻው ስለደረቀ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አቅቶት ነበር። ክንዱን ይዛ ቀስ እያደረገች ስታዞረው፣ ጥርሱን ነክሶ ስለ ቃላት ያወራላታል።

«ዛሬስ ምን ቃል ይዘው መጡ?»

«‹ሳላሪ›። ደሞዝ ማለት ነው፤ ሥሩ ግን ጨው ነው።»

«ለዚህ ነዋ የእኔ ወር ሳይሞላ የሚሟሟው!»

ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላም እጇ ትከሻው ላይ ከሚያስፈልገው ጥቂት ይዘገያል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተራው ደርሶ ልትጠራው ስትመጣ፣ ከመጠበቂያው ክፍል ድምፁን ሰማች። አጠገቡ ለተቀመጡ ሽማግሌ ያስረዳል።

«‹ቶርመንት› ማሰቃየት ነው፣ አባባ። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፤ መጠምዘዝ ከሚለው። ድሮ የተጠመዘዘ ገመድ ማሰቃያ ነበር።»

«ታዲያ የእኛዋ ጠምዛዥ ላቲን ታውቃለች በለኛ!» አሉ ሽማግሌው። ተራ ጠባቂው ሁሉ አውካካ።

ቀሪውን ለመስማት አልቆመችም። የመምህሩን ሕክምና ለባልደረባዋ አስተላለፈች። ኮሪደር ላይ ሰላም ሲላት በአንገቷ ብቻ መለሰችለት። «ምን አጠፋሁ?» ሊላት አስቦ፣ ያ ሁሉ ቃል የሚያውቅ ሰው አፉ ተያዘ። ውሎ አድሮም መምጣቱን ተወ።

እሷም እፎይ የምትል መስሏት ነበር። ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኗ ቀድሟት ይሄዳል።

በመጨረሻ የመጣችው ታላቅ እህቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ድምጿም ጎላ ያለ።

«የኔ እመቤት፣ ወንድሜን ምን ብታደርጊው ነው እንዲህ የከሳው?»

«እኔ ነኝ ያደረግኩት? አሰቃየችኝ ብሎ ሰው አሳቀብኝ እንጂ!»

እህቲቱ አፏን ያዘች። «ውይ! ሳቁን ሰምተሽ መልሱን ሳትሰሚ ነዋ የሄድሽው! እኔኮ ያን ቀን አብሬው መጥቼ አጠገቡ ነበርኩ። ‹እሷ የጠመመውን ልታቃና ነው የምትደክመው። እኔን የሚያሰቃየኝ ድኜ ከዚህ የምቀርበት ቀን ነው› አላቸው። ሽማግሌው ራሳቸው ‹በል ሳይመሽብህ ንገራት› ብለውታል።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደረቷ ላይ የከረመው ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

«የት ነው ያለው?»

«ደጅ። ካልጠራችኝ አልገባም ብሏል። ግትርነቱ የአባታችን ነው።»

ወጣች። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ሰው ፊት በሥራዎ ላይ የቀልድ በር መክፈቴ ልክ አልነበረም» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔም ሳልጠይቅዎ ፈረድኩ። ሕክምናዎን ግን ከባልደረባዬ ጋር ይጨርሱ።»

ፊቱ ጨለመ። «አሁንም ተቀይመውኛል?»

«አይ» አለች መሬት መሬት እያየች። «እኔ የማክመው ሰው ሻይ ልጋብዝሽ ቢለኝ እሺ ማለት አልችልማ።»

ቀና ብሎ አያት። ከመስኮቱ የእህቱ ድምፅ መጣ፦ «ኧረ ጠይቃት፣ አንተ!»

«ሻይ ልጋብዝሽ?» አለ፤ አንቺ ማለቱ እንኳ አልታወቀውም።

«እሺ» አለችው፣ ነጭ ጋዋኗን እያወለቀች።