አርባ ሦስት ያልተነበቡ መልእክቶች

መምህር ጥዑመልሳን ጠዋት ቢሮው ሲገባ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ኮምፒውተሩን መክፈት ነበር። መስኮቱን እንኳ የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። የጋምቤላን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህን ብቻ ሰምቶ ለዚያ ኮምፒውተር የነበረውን ፍቅር መገመት ይችላል።

በገጹ ላይ የሠላሳ ስምንት ተማሪዎች ስም ተደርድሯል። የበረታው ስም ፊት ለፊት አረንጓዴ ምልክት ይበራል፤ የሰነፈው ቀይ ነው። ሁሉም በዲፕሎማ የሚሠሩ አዋላጅ ነርሶች ናቸው፤ ወደ ዲግሪ የሚያሻሽሉት ከሥራቸው ሳይነሡ፣ በኢንተርኔት በሚሰጥ ትምህርት ነበር። ይህን «ሲስተም» ወደሚያስተምርበት የጤና ኮሌጅ ያመጣው ጥዑመልሳን ራሱ ነው። ያመጣውም ለዝና ብሎ አልነበረም። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በነርስነት ብዙ ወረዳ ዞሯል። አንዲት አዋላጅ ለትምህርት ስትጠራ የጤና ጣቢያዋ ማዋለጃ ክፍል ለወራት ሲዘጋ በዓይኑ አይቷል። «ትምህርቱ እነሱ ጋ ይሂድ እንጂ እናቶች ያለ አዋላጅ አይቅሩ» ብሎ ዲኑን አቶ ከተማን ያሳመነው በዚህ ነው። ሐሳቡ ቅን ነበር።

ችግሩ የመጣው ሐሳቡን ለማሽኑ ሰጥቶ እሱ ዘወር ሲል ነው። ማሽኑ ተማሪው ቪዲዮውን ስንት ደቂቃ እንዳየ ይቆጥራል፤ ፈተናውን በአንድ ሰዓት ከፍቶ ይዘጋል፤ ያርማል፤ ውጤት ይሰጣል። ግማሽ ያህሉን ቪዲዮ ያላየና ሁለት ፈተና ያመለጠው ወይም የወደቀ ተማሪ ደግሞ ማንም ሳይነካው የስንብት ደብዳቤ ይደርሰዋል። ይህን ደንብ ያረቀቀው ጥዑመልሳን ነበር። ማሽን ዘመድ የለው፣ ጎሳ አይጠይቅ፣ አማላጅ አይሰማ። ከዚህ የተሻለ ፍትሕ ከየት ይመጣል ብሎ ያምን ነበር።

በግንቦት ወር አንድ ሰኞ፣ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ ረጅም ሴት በሩን አንኳኩታ ገባች። በፌስታል የተጠቀለለ ወፍራም ደብተር በብብቷ ይዛለች።

«መምህር፣ እኔ ኛዴንግ ቱት ነኝ። በኢታንግ በኩል፣ ወደ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ሲኬድ ያለው ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ደብዳቤ መጣልኝ። ተሰናብተሻል ይላል።»

እንደ አካባቢው አማርኛ «አንተ» እያለች ብታናግረውም ንቀት አልነበረበትም። ጥዑመልሳን ወንበር ሰጣትና ስሟን በኮምፒውተሩ ፈለገ። ቀይ ነው።

«እህቴ ኛዴንግ፣ በሦስት ወር ውስጥ ያየሽው ቪዲዮ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሦስት ፈተና ዜሮ አግኝተሻል። እኔ ምን ላድርግሽ?»

«ቪዲዮው አይከፈትም። እኛ ጋ ኔትዎርክ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሞተር ኢታንግ እሄዳለሁ። እዚያም ቪዲዮው ትንሽ ይሄድና ይቆማል፤ ጽሑፉ ግን ይከፈታል። እሱን እገለብጣለሁ። እየው።» ደብተሩን ከፌስታሉ አወጣች። ገጹ ሁሉ ጥቅጥቅ ባለ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ሥዕሎቹን ሳይቀር በእርሳስ ስላቸዋለች።

«ፈተናውስ?»

«ፈተናውን ጀመርኩ። አራተኛው ጥያቄ ላይ መብራት ጠፋ። ተመልሼ ስገባ 'ፈተናሽን ጨርሰሻል' አለኝ። ሌላም ጊዜ እንደዚሁ።»

ጥዑመልሳን ደብተሩን አገላበጠ። ልቡ ትንሽ ተነካ። ሆኖም ወዲያው ራሱን ያዘ። «አየሽ፣ ችግር የሌለበት ተማሪ የለም። ለአንቺ ደንቡን ባላላ ነገ ሌላው ይመጣል። ከአንቺ ጋር የጀመረው ኦቻላ ዘጠና ስምንት ነው ያመጣው። እሱም እንደ አንቺ ሠራተኛ ነው።»

«እሺ፣ አሁን ጠይቀኝ» አለች። «የፈለግከውን ጠይቅ። ካላወቅኩ እሄዳለሁ።»

«እሱ ለሌሎቹ ፍትሐዊ አይሆንም። ሲስተሙ ለሰው አያዳላም፤ እኔም ላዳላ አልችልም።»

ኛዴንግ ደብተሯን ቀስ ብላ ወደ ፌስታሉ መለሰች። «መምህር፣ እናንተ ጋ ሰው ሲጠየቅ ማሽን ይመልሳል። ማሽን ሲጠየቅ ማን እንደሚመልስ አላውቅም» አለችና ወጣች። ጥዑመልሳን የአማርኛዋ ጉድለት ነው ብሎ ነገሩን አለፈው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኮሌጁ እንግዶች ተቀበለ። ሲስተሙን ወደ ሌሎች ከተሞች ለማስፋፋት የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። አቶ ከተማ አዳራሹን አስጠርገው፣ ሪፖርቱን አስጠርዘው፣ በመጨረሻ አንድ የማሳያ ዝግጅት ጨመሩበት። ከሁሉም በላጭ ውጤት ያመጣው ኦቻላ፣ ሲወለድ ያልተነፈሰን ሕፃን እንዴት እንደሚታደጉ በአሻንጉሊት ላይ ያሳያል።

ኦቻላ በከተማው ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ ዝምተኛና ትሑት ወጣት ነበር። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። አሻንጉሊቱ ተጋድሟል። ከጎኑ ፎጣና አምቡ ባግ የሚሉት፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ መሣሪያ ተቀምጧል።

«ሕፃኑ ተወለደ፤ አይተነፍስም። ጀምር» አለ ጥዑመልሳን በኩራት።

ኦቻላ ፎጣውን አነሣ። መልሶ አስቀመጠው። አምቡ ባጉን አንሥቶ በሕፃኑ ፊት ላይ አደረገው፤ ግን ገልብጦ ነበር። የአንገቱን አቀማመጥ አላስተካከለም። አንድ ደቂቃ አለፈ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከእንግዶቹ አንዷ ወደ መሬት አየች። አቶ ከተማ ሳቅ ብለው «ሰው ፊት መቆም ያስፈራል መቼም» አሉና ወደ ሻይ እረፍት አሸጋገሩት።

ጥዑመልሳን ኦቻላን ያገኘው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው። ሊቆጣው ነበር የሄደው። የልጁን ፊት ሲያይ ቁጣው ተነነ። አጠገቡ ተቀመጠ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«መምህር፣ እኔ አይደለሁም ዘጠና ስምንት» አለ ኦቻላ። «ሊና ናት።»

ሊና ገበያው አጠገብ የኮምፒውተር ቤት ያላት ሴት ናት። ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች።

«መጀመሪያ ራሴ ሞክሬ ነበር። ቀንም ማታም ተረኛ ነኝ፤ ሁለት ሰው ብቻ ነን። ቪዲዮው እኔ ስልክ ላይ አይሄድም። እየቆጠረ ቀይ ሲያደርገኝ ፈራሁ። ሊና ጥሩ መስመር አላት። የይለፍ ቃሌን ሰጠኋት። እሷ ከፍታ ትተወዋለች፤ ቪዲዮው ብቻውን ይጫወታል፤ ፈተናውን ከሌሎቹ መልስ እየወሰደች ትሞላለች። የእኔ ብቻ አይደለም፣ የስምንት ሰው ይዛለች። ውጤቱ ሲመጣ እናቴ ደስ አላት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ለእግዚአብሔር ምስጋና አቀረብኩ። አየህ? በውሸት አመሰገንኩት።»

ኦቻላ ገና አልጨረሰም ነበር።

«በመጋቢት አጅዋንግ የምትባል እናት እኔ እጅ ወለደች። ሕፃኑ አልጮኸም። እንደ ዛሬው ቆምኩ። ልክ እንደ ዛሬው! ሲስተር ወለተሥላሴ ከሌላው ክፍል ሮጣ መጥታ አስተነፈሰችው። ዳነ። ግን ዘግይተን ነበር። አሁን ሦስት ወሩ ነው፤ አንገቱን አይይዝም። እናቱ በየሳምንቱ ታመጣዋለች። 'ልጄ ምን ሆነ?' ትለኛለች። 'የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው' እላታለሁ።»

ጥዑመልሳን ወደ ልጁ ዞረ።

«ለምን አልነገርከኝም ኦቻላ? ቪዲዮው አይከፈትም ብትለኝ ኖሮ...»

«ነግሬሃለሁ እኮ፤ ሁለት ጊዜ ጽፌልሃለሁ። እዚያው ሲስተሙ ላይ፣ 'ለመምህሩ መልእክት' የሚል አለ።»

ጥዑመልሳን ወደ ቢሮው ተመለሰ። በገጹ ጥግ ላይ ትንሽ የፖስታ ሥዕል ነበረች። ሲያያት ከርሟል፤ ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች የሚልኩት ማስታወቂያ ይመስለው ነበር። ከሥዕሏ ጎን ቁጥር አለ። አርባ ሦስት። ነካው።

ከአቦቦ፣ ከኢታንግ፣ ከሌሎችም ወረዳዎች የተላኩ የተማሪዎቹ መልእክቶች ተዘረገፉ። «መምህር፣ ፈተናው ሳልጨርስ ተዘጋ።» «መምህር፣ እንግሊዝኛው ከበደኝ፤ የደም ግፊቱን ክፍል በአማርኛ አስረዳኝ።» «ዛሬ ምጥ ላይ የነበረች ሴት ስለያዝኩ ፈተናው አለፈኝ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።» ይህችኛዋም ቀይ ነበረች። አንዲት እናት ስላዋለደች ከማዋለድ ትምህርት ቀርታለች ተብላ ተመዝግባለች።

የኛዴንግ ሰባት ነበሩ። የመጀመሪያው «እንደምን አለህ መምህር፣ ቪዲዮው ስለማይሄድ ጽሑፉን አትመህ በመኪና ብትልክልኝ ጥሩ ነው» ይላል። በአራተኛው፣ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ወላድ የተጻፈው የመድኃኒት መጠን ከጤና ጣቢያው መመሪያ ጋር ስለማይገጥም የትኛው ትክክል እንደሆነ ትጠይቃለች። ጥዑመልሳን አመሳከረው። የተሳሳተው እሱ ያዘጋጀው የትምህርት ጽሑፍ ነበር። ሰባተኛው አጭር ነው፤ «መምህር፣ ምናልባት እዚያ ሰው የለም። ካለህ አንድ ቃል ጻፍልኝ።»

ጥዑመልሳን ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ተነሣና መስኮቱ ጋ ቆመ። ለአሥራ አንድ ዓመት በዚህ አገር ሲሠራ «ጨካኝ» ያለው ሰው አልነበረም። ራሱም እንደ ጨካኝ ራሱን አያውቀውም። ለካስ ሰው ጆሮውን ዘግቶ፣ ማንንም ሳይሳደብ፣ ማንንም ሳይመታ ሊጨክን ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት በኢታንግ መኪና ተሳፈረ፤ ከዚያም በሞተር ቀጠለ። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ነፍሰ ጡሮች ተራ ይጠብቃሉ። ኛዴንግ በሥራ ላይ ነበረች። ተራው እስኪያልቅ ከእናቶቹ ጎን ተቀምጦ ጠበቃት።

ስትወጣ አይታው ደነገጠች። «መምህር! ምን ሆንክ? ታመምክ?»

«አልታመምኩም። መልእክትሽን አንብቤ ነው የመጣሁት። ሰባቱንም። አራት ወር ዘግይቼ።» ቆሞ አንገቱን ደፋ። «የመድኃኒቱ መጠን ላይ ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታው እሺ» አለች ኛዴንግ። «ግን ሌሎቹስ? ያ ጽሑፍ ሌሎቹም ጋ አለ። አስተካክለህ ንገራቸው። መጀመሪያ እሱ ነው።»

ጥዑመልሳን ከኢታንግ ሳይነሣ፣ ኔትዎርክ ባገኘበት ጥግ ቆሞ፣ ለሁሉም ተማሪዎች አንድ በአንድ ደወለ። ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙ ነበሩበት።

ነገሩ በኮሌጁ ጉባኤ ላይ ሲቀርብ አቶ ከተማ አልወደዱትም። «ሪፖርቱ ተልኳል፣ እንግዶቹ አድንቀዋል። አሁን ሲስተሙ አይረባም እንበል?»

«ሲስተሙስ ደህና ነው» አለ ጥዑመልሳን። «ለገጠር አዋላጅ ያስፈልጋታል። ያልረባሁት እኔ ነኝ። መሣሪያ እንዲያግዘኝ አምጥቼ፣ እኔን ተክቶ እንዲያስተምር ትቼው ሄድኩ። ደቂቃ ቆጥሮ ነገረኝ፤ እኔ እውቀት የቆጠረ መሰለኝ።»

ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ የማሽኑ የስንብት ደብዳቤ ቀረ። ጽሑፉ ታትሞ በጤና ቢሮ መኪና እንዲላክ፣ የእጅ ሥራ ያለበት ትምህርት ሁሉ በአካል እንዲሰጥና እንዲፈተን፣ ለተማሪ መልእክት በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ያልሰጠ መምህር እንዲጠየቅ ተወሰነ። ኛዴንግ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ሆኖም መዝገቡ ተዘግቶ ስለነበር ያ ወሰነ ትምህርት ባከነባት፤ ከጓደኞቿ ስድስት ወር ዘግይታ ትመረቃለች። ይህን ማንም ሊመልስላት አልቻለም። ኦቻላም ውጤቱ እንዲሰረዝ ራሱ ማመልከቻ አስገባ። ሌሎቹ ሰባት ዝም ሲሉ እሱ ብቻ ነበር ስሙን የጻፈው፤ ኮሌጁ ግን ስምንቱንም እንደገና በአካል ፈተናቸው።

ኦቻላ ከዚህ የከበደ አንድ ነገር ይቀረው ነበር። አጅዋንግ ልጇን ይዛ በመጣችበት ቀን ወደ ዛፍ ጥላ ወስዶ አስቀመጣትና በአኝዋ ቋንቋ ሁሉንም ነገራት። ያላነበበውን፣ ያላወቀውን፣ የቆመበትን ያንን ደቂቃ። አጅዋንግ አልጮኸችም። ልጇን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችና ብዙ ካለቀሰች በኋላ፦

«አሁንስ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«በየቀኑ በእጄ እለማመዳለሁ። ሲስተር ወለተሥላሴ ታስተምረኛለች።»

«እንግዲያው እንዳትተው» አለች። «ከእኔ በኋላ የምትወልድ አለች።»

እናንተ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቢሮው አዲስ መሣሪያ የተከላችሁ ወገኖች፣ መሣሪያውን አትንቀሉ። ነገር ግን ከወዲያኛው ጫፍ ማን እንዳለ ጠይቁ። ኔትዎርክ ፍለጋ በሞተር የሚጓዝ፣ ተረኛ ሆኖ የሚያድር፣ ቋንቋው የከበደው ሰው አለ። እሱ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው ከጠፋ፣ ሐሰተኛው ያልፋል፣ ትጉሁ ይወድቃል። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ የማያውቅ፣ ገና ዛሬ የተወለደ ሕፃን ነው።